ሁለት ሌሊት በኤርፉርት፦ አራቱን የቱሪንገን ከተሞች በባቡር ለማየት

በሦስት ቀን ሙኒክን፣ ድሬስደንንና በርሊንን አያለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ሰዓቱን ባቡር ላይና ጣቢያ ውስጥ ይጨርሳል። ለአጭር ጉዞ የሚያዋጣው የተቀራረቡ ከተሞች ያሉበትን አንድ መስመር መምረጥ ነው። መሀሉ ላይ ማደሪያ ይዞ፣ ሻንጣን እዚያ አስቀምጦ መመላለስ ይቻላል። ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት አይደለም፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው የቱሪንገንን ክፍለ ሀገር ነው። አይዘናኽ፣ ጎታ፣ ኤርፉርትና ቫይማር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በአንድ የባቡር መስመር ላይ ተደርድረዋል። ከኤርፉርት ተነስቶ ቫይማር ሩብ ሰዓት፣ ጎታም ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ አይዘናኽ ደግሞ በየጣቢያው በሚቆመው ባቡር እንኳ ከአንድ ሰዓት በታች ነው።

ይህን ያህል ታሪክ በጠባብ ቦታ የተከማቸበት ምክንያት አለው። ቪያ ሬጊያ የተባለው ጥንታዊ የንግድ መንገድ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር። መሳፍንቱም ግዛታቸውን ለወንድ ልጆቻቸው እየከፋፈሉ ስላወረሱ እያንዳንዱ ትንሽ ከተማ የራሱ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍትና ቲያትር ሊኖረው ቻለ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የግዕዝና የአማርኛ ጥናትን በአውሮፓ ያቋቋመው ኢዮብ ሉዶልፍ የተወለደው በ1624 ኤርፉርት ነው። መምህሩና ወዳጁ አባ ጎርጎርዮስም በ1652 እስከ ጎታ ድረስ መጥተዋል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹም በጀርመን ሰዓት ናቸው።

ቀኑን ስትመርጡ ከሰኞ ሽሹ። አብዛኞቹ ሙዚየሞችና ቤተ መንግሥቶች ሰኞ ዝግ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ማክሰኞም ይዘጋሉ። እሑድ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ሙዚየሞች ግን ክፍት ናቸው። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ገብቶ እሑድ ማታ መመለስ ይበጃል፤ ግዢና የከተማ እግር ጉዞ ቅዳሜ፣ ሙዚየም እሑድ። ለእሑድ የሚያስፈልጋችሁን ውሃ፣ ፍራፍሬና የልጅ ዳይፐር ቅዳሜ ማታ ያዙ። መስከረም ውስጥ የምትሄዱ ሴፕቴምበር 20ን ልብ በሉ፤ የዓለም የሕፃናት ቀን ከጀርመን ክፍለ ሀገራት ሁሉ በቱሪንገን ብቻ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ሱቆች ይዘጋሉ። ኦክቶበር 31ም የተሐድሶ በዓል ነው። የገና ገበያው በኤርፉርት ካቴድራል አደባባይ ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ይቆማል፤ እጅግ ያምራል፣ የሆቴል ዋጋም አብሮ ይወጣል። የሚፈርሰው ግን ከዲሴምበር 25 በፊት ነው። ለእኛ ገና ብለው በጃንዋሪ መጀመሪያ የሚመጡ ሰዎች ባዶ አደባባይ ነው የሚያገኙት።

ወደ ቲኬቱ እንምጣ፤ ገንዘብ የሚባክነውም የሚተርፈውም እዚህ ላይ ነው። ከፍራንክፈርት ኤርፉርት በፈጣኑ ኢሴኤ ባቡር 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። በጀርመን ባቡር ድርጅት (ዶይቸ ባን) መተግበሪያ ላይ ስትፈልጉ ፍራንክፈርት (ማይን) የሚለውን ምረጡ፤ ፍራንክፈርት (ኦደር) በፖላንድ ድንበር ላይ ያለ ሌላ ከተማ ነው። ርካሹ ቲኬት ዙፐር ሽፓርፕራይስ ይባላል፤ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የገዛ በብዙ ይጠቀማል። ዋጋው የወረደበት ምክንያት ግን ጹግቢንዱንግ የሚሉት ነገር ነው፤ ቲኬቱ ለተጻፈበት ባቡር ብቻ ያገለግላል። አርፍዳችሁ ባቡሩ ካመለጣችሁ በቀጣዩ መሳፈር አትችሉም፣ ገንዘቡም ቀለጠ። ጥፋቱ የባቡሩ ከሆነና መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደምትዘገዩ ከታወቀ ግን እገዳው ይነሳል፤ በሌላ ባቡር መሄድ ትችላላችሁ። ያኔ መዘግየቱን የሚያሳየውን የስልክ ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ተቆጣጣሪው ሊጠይቅ ይችላል። በዚሁ ምክንያት መንገዱን ቆራርጦ በሁለት ቲኬት መግዛት አይመከርም። የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሁለቱ እንደ አንድ ጉዞ አይቆጠሩም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ጥሩ ነገር በመንገድ ላይ ያለ ከተማ ላይ ወርዶ መቆየት መቻሉ ነው። ቲኬቱን ስትገዙ ጽቪሸንሃልት የሚለውን ቦታ ከፍታችሁ አይዘናኽን አስገቡ፤ የቆይታውንም ሰዓት 4 ወይም 5 አድርጉ። አይዘናኽ ከፍራንክፈርት ወደ ኤርፉርት በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ዓርብ ጠዋት ለሚነሳ ሰው ቫርትቡርግን አይቶ ማታ ኤርፉርት መግባት ይቻለዋል፤ ሌላ ቀን ወደ ኋላ መመለስ ይቀርለታል። ይህን ሳያስገቡ በርካሹ ቲኬት መንገድ ላይ ወርዶ በሌላ ባቡር መቀጠል ግን ቅጣት ያመጣል።

ቲኬት ገዛችሁ ማለት መቀመጫ ያዛችሁ ማለት አይደለም። መቀመጫ የሚያዘው ለብቻው ነው፤ በሁለተኛ ማዕረግ ለሰው 5 ዩሮ ከምናምን ይከፈላል። ዓርብ ከሰዓትና እሑድ ማታ ከልጅ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ይህን ገንዘብ አትሳሱ። ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጅ ጋር በነፃ ይሄዳሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ስትገዙ ቁጥራቸው ቲኬቱ ላይ ከገባ ነው። ረስቶ በኋላ ማስገባት ያስቸግራል። ባንሆፍ፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ፣ ስትደርሱ የፉርጎውን ቁጥር ከመድረኩ ሰሌዳ ጋር አስተያዩ። መድረኩ ከኤ እስከ ኤፍ ወይም ከዚያም በላይ በላቲን ፊደላት ይከፋፈላል፣ ፉርጎአችሁ የት እንደሚቆም ይነግራችኋል። ሁለት ባቡሮች ተያይዘው ሄደው መንገድ ላይ የሚለያዩበት ጊዜ አለና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግላይሱ፣ ማለትም የባቡር መድረኩ ቁጥር፣ በመጨረሻው ሰዓት ሊቀየር ስለሚችል ማስታወቂያውን አድምጡ።

ጀርመን የምትኖሩና ዶይችላንድ ቲኬት ያላችሁ ተጨማሪ ሳትከፍሉ ልትሄዱ ትችላላችሁ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዋጋው በወር 63 ዩሮ ነው። የሚያገለግለው በክልል ባቡሮች፣ በትራምና በአውቶቡስ ብቻ ስለሆነ ከፍራንክፈርት በፉልዳና በቤብራ በኩል ባቡር እየቀያየራችሁ 4 ሰዓት ገደማ ትጓዛላችሁ። ሳታውቁ ኢሴኤ ላይ ብትወጡ ግን ትቀጣላችሁ። ይህ ቲኬት የሚሸጠው በደንበኝነት ነው፤ ለአንድ ወር ብቻ የፈለገ ሰው እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልሰረዘ የሚቀጥለው ወር ይቆረጥበታል። ዶይችላንድ ቲኬት የሌላችሁና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሆናችሁ የምትሄዱ በቱሪንገን ውስጥ ለመዘዋወር ቱሪንገን ቲኬት ግዙ። በአንዱ እስከ 5 ሰው ይሄድበታል። በሥራ ቀን የሚጀምረው ከ9:00 ሰዓት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከእኩለ ሌሊት። ማብቂያው በማግስቱ 3:00 ነው። የተጓዦቹ ስም ቲኬቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሳይጻፍ የተያዘ እንደሌለው ይቆጠራል።

ማደሪያ ኤርፉርት ላይ ያዙ፤ በባንሆፉና በካቴድራሉ አደባባይ መካከል ከሆነ ሁሉም በእግር ይደረሳል። ጸጥታ የሚወድ ሰው የተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር መነኩሴ የነበረበትን የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ይመልከት። በ1505 የገባበት ነው፤ ዛሬ እንግዳ ያሳድራል፣ ክፍሎቹ ውስጥ ቴሌቪዥን የለም። ትንንሽ ፔንሲዮኖች እንግዳ መቀበያቸውን አመሻሽ ላይ ይዘጋሉ። ከ18:00 በኋላ የምትደርሱ ከሆነ ቀድማችሁ ደውላችሁ የቁልፍ ሳጥኑን ኮድ ጠይቁ። ጀርመናዊ ያልሆነ እንግዳ የመመዝገቢያ ቅጽ ስለሚሞላ ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ከእጃችሁ አይጥፋ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያልተወሰነና በመቀበያ ካምፕ የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ ከተመደባችሁበት አካባቢ ለመውጣት ፈቃድ ሊያስፈልጋችሁ ስለሚችል፣ ሆቴል ከመክፈላችሁ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮውን ጠይቁ።

ቀጠሮ ስትይዙ ሰዓቱን በቁጥር አስጽፉ። ሃልብ ድራይ ሲሏችሁ 2:30 ማለታቸው ነው፣ 3:30 አይደለም። ይህን በልባችን ወደ ሀበሻ ሰዓት ስንገለብጠው ስህተቱ ይበዛል፤ ጉብኝት ወይም ምሳ የሚያመልጠው በዚህ ነው።

ኤርፉርት ራሷ አንድ ሙሉ ቀን ይገባታል። ከባንሆፉ በአንገር አደባባይ በኩል እስከ ካቴድራሉ 20 ደቂቃ በእግር ነው። ትራሙ በሰው መሀል ስለሚያልፍ ልጆችን እጃቸውን ያዙ። በመጀመሪያ ወደ ክሬመርብሩከ፣ ወደ ነጋዴዎቹ ድልድይ ሂዱ። በ1325 በድንጋይ የተሠራ ሲሆን በሁለቱም ጎኑ 32 ቤቶች አሉት፤ ሰው ዛሬም ይኖርባቸዋል። ብዙዎች ድልድይ ላይ መሆናቸውን ሳያውቁ ተሻግረው ይሄዳሉ፤ ቤቶቹ ወንዙን ስለሚጋርዱት ተራ ጠባብ መንገድ ይመስላል። ድልድይነቱ የሚታየው በጎን ወደ ጌራ ወንዝ ዳር ወርዶ ቀስቶቹን ከታች ሲያዩ ነው። ከዚያ በምሥራቁ ጫፍ ያለውን የኤጊዲየን ቤተ ክርስቲያን ማማ ውጡ፤ ክፍያው ትንሽ ነው፣ ጣሪያዎቹ ሁሉ ከእግራችሁ በታች ይሆናሉ። ጠዋት ከ10:00 በፊት ከሆነ ድልድዩ የእናንተ ብቻ ነው።

የከተማዋ ሀብት የመጣው ዋይድ ከሚባል ተክል ነው። ከቅጠሉ ሰማያዊ ማቅለሚያ ይወጣ ነበርና ኢንዲጎ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ድረስ ነጋዴዎቹን አበልጽጓል። ያ ገንዘብ የት እንደገባ በካቴድራሉ አደባባይ ይታያል። የማርያም ካቴድራልና የሰቬሪ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ የሚያወጣቸው ሰፊ ደረጃ 70 እርከን አለው። ግሎሪዮሳ የተባለው ደወል በ1497 የተሠራ ሲሆን ከ11 ቶን በላይ ይመዝናል፤ የሚደወለው በዓመት ለጥቂት ታላላቅ በዓላት ብቻ ነው። እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ሰዓት ስለሆነ ለጉብኝት አይገባም፤ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ከካቴድራሉ ጀርባ ያለው የፔተርስበርግ ምሽግ መግቢያው ነፃ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

የጥንቱን ምኩራብ አትለፉት። ጥንታዊው ክፍሉ ከ1094 አካባቢ ጀምሮ የቆመ ነው፤ በ2023 ከሌሎቹ የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በ1349 የከተማዋ አይሁድ ተጨፈጨፉ። ያን ጊዜ የተቀበረ የብርና የወርቅ ሀብት በ1998 በቁፋሮ ተገኘ፤ ከ3,000 በላይ የብር ሳንቲሞችና አንድ አስደናቂ የወርቅ የሠርግ ቀለበት ይገኙበታል። ሕንፃው ትንሽ ቢሆንም ለአንድ ሰዓት ተኩል አስቡለት።

ጎታ ለግማሽ ቀን ይበቃል። ከባንሆፉ በመናፈሻው በኩል 20 ደቂቃ ያህል ስትራመዱ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ትደርሳላችሁ። ግንባታው በ1643 የተጀመረው በመስፍኑ በኤርንስት ቀዳማዊ ነው፤ አባ ጎርጎርዮስን የጋበዘውም እርሱ ነበር። ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ የተዋወቁት በ1649 ሮም በሚገኘው የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ማረፊያ ነው። መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ ሕግና አኗኗር የጠየቃቸውን አባ ጎርጎርዮስ እዚህ ተቀምጠው መለሱ። ሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላቱን በ1661፣ የአማርኛ ሰዋስውን በ1698 ሲያሳትም የቆመው በእርሳቸው ትምህርት ላይ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ያን አላዩትም፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 ባሕር ላይ ሞቱ። እዚያ ለቆመ አማርኛ አንባቢ ይህ ከማንኛውም ወርቅና ሥዕል ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በዚሁ ግቢ ያለው የኤክሆፍ ቲያትር ከ1680ዎቹ የቀረ የመድረክ መዘውር አለው፣ ዛሬም በእጅ እየተሳበ ይሠራል። ቤተ መንግሥቱ በየጊዜው በከፊል ስለሚታደስ የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ እዩ።

አይዘናኽ የምትሄዱት ለቫርትቡርግ ምሽግ ነው። ሉተር ከሜይ 1521 እስከ ማርች 1522 ዮርግ የሚባል ፈረሰኛ መስሎ የተደበቀበት፣ በ11 ሳምንት ገደማም አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛ ወደ ጀርመንኛ የመለሰበት ነው። ከ12 ዓመት በኋላ በ1534 አባ ሚካኤል የተባሉ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄደው ከእርሱ ጋር መነጋገራቸውን አስታውሱ። ምሽጉ ከከተማው በእግር 40 ደቂቃ ዳገት ነው። ከባንሆፉ አውቶቡስ አለ፣ ሆኖም እስከ በሩ አያደርስም፤ ከመኪና ማቆሚያው በኋላ ደረጃና የድንጋይ ዳገት ይቀራል። ለጉልበት ሕመምተኛና ለሕፃን ጋሪ ይከብዳልና አስቀድማችሁ ቦታውን ደውላችሁ ጠይቁ። ዋናውን አዳራሽ የሚያሳየው ጉብኝት በአስጎብኚ ስለሆነ ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ጠብቁ፤ የሉተር ክፍል የሚገኘው በመጨረሻ ነው። ሻንጣ ይዞ መውጣት አይታሰብም፣ ባንሆፉ ላይ ሽሊስፋኽ (የሻንጣ ማስቀመጫ ሳጥን) ውስጥ ቆልፉበት። ለዚህም የአንድና የሁለት ዩሮ ሳንቲሞች ያዙ። ጊዜ ከተረፈ በ1685 እዚህ ለተወለደው ለሙዚቃ ደራሲው ለባኽ የተዘጋጀው ሙዚየም በጥንት መሣሪያዎች እየተጫወተ ያሰማል።

ቫይማር ላይ ብዙ ሰው የሚቆጨው አንድ ነገር ላይ ነው፤ የአና አማልያ ቤተ መጻሕፍት የሮኮኮ አዳራሽ። በ2004 ተቃጥሎ በ2007 የተከፈተ ሲሆን በቀን የሚያስገባው ሰው የተወሰነ ነው። ስለዚህ ሰዓት የተቆረጠለት ቲኬት በኢንተርኔት ቀድማችሁ ግዙ። ወለሉ እንዳይጎዳ ከጫማ በላይ የሚጠለቅ ነጠላ ጫማ ይሰጣችኋል። የደራሲዎቹ የጎቴና የሺለር ቤቶች፣ በ2019 የተከፈተው የባውሃውስ (የዘመናዊ ሥነ ሕንፃና ንድፍ ትምህርት ቤት) ሙዚየም ሁሉም በእግር ይደረሳሉ።

ከከተማው 8 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ የቡኽንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ አለ። ከ1937 እስከ 1945 ከ50,000 በላይ ሰው ያለቀበት ነው። መግቢያው ነፃ ነው። 6 ቁጥር አውቶቡስ ከባንሆፉ ይነሳል፣ ግን ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ግንባሩ ላይ ቡኽንቫልድ የሚል ካልሆነ ኤተርስቡርግ የሚባል መንደር ያወርዳችኋል። ኮረብታው ነፋሻማ ነው፣ በሰኔም ጃኬት ያዙ። የበሩ ሰዓት ከሰዓት በኋላ 3:15 ላይ ቆሟል፤ ካምፑ ነፃ የወጣበት ሰዓት ነው። ቢያንስ 3 ሰዓት ስጡት፣ በዚያው ቀን ሌላ ሙዚየም አትደርቡበት፤ ትንንሽ ልጆችም ባይወሰዱ ይሻላል።

ስለ ምግብ በተለይ ለጾመኛና ለሙስሊም ወገኖች ጥቂት ልበል። በየአደባባዩ በከሰል የሚጠበሰው የቱሪንገን ቋሊማ በተለምዶ የአሳማ ነው። ሽቫይን አሳማ፣ ሪንድ በሬ ነው። ሥጋ የለውም ብትባሉም አትርኩ፤ የተጠበሰ ድንች ውስጥ ሽፔክ የሚሉት የአሳማ ሥጋ ይገባል፣ ቀይ ጎመኑም ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይሠራል። ለጾም ሁነኛው ቃል ቬጋን ነው። ቬጌታሪሽ (ሥጋ የሌለበት) ካላችሁ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይኖረዋል። ክሎስ የተባለው የድንች ድፍን ራሱ ድንች ቢሆንም መሀሉ ላይ በቅቤ የተጠበሰ ዳቦ ይደረጋል፣ መረቁም ከሥጋ ነው። ረቡዕና ዓርብ አስተማማኙ የቱርክ፣ የቬትናምና የሕንድ ቤቶች ናቸው፤ ፋላፌል ሲሰጧችሁ ሶሱ እርጎ እንዳይሆን ንገሯቸው። ወጥ ቤቶች ከ14:00 እስከ 17:30 ሊዘጉ ይችላሉ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጠረጴዛ ሳይያዝ ቦታ አይገኝም።

መንገዱ ሁሉ ያረጀ ኮብልስቶን ነው። ቀጭን ታኮና ትንንሽ ጎማ ያለው ሻንጣ ያሰቃያል። ካርድ የማይቀበሉ ትንንሽ ቤቶች ስላሉ 50 ዩሮ ያህል ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ለባንሆፍ ሽንት ቤት አንድ ዩሮ ገደማ ይበቃል።

መመለሻው ላይ ማታ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የምትበሩ ከሆነ በረራው ከሚነሳበት ቢያንስ 5 ሰዓት ቀድሞ ፍራንክፈርት የሚገባ ባቡር ያዙ። የእሑድ ባቡር ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይሰረዛል። የአየር ማረፊያው ባንሆፍ ሁለት ነው፤ ሩቅ መንገድ ባቡር በፈርንባንሆፍ፣ የከተማ ባቡሩ ኤስባን በሬጊዮናልባንሆፍ ይቆማል። ባቡራችሁ ከተማው ባንሆፍ ላይ ካበቃ ኤስባን 8 ወይም 9 በሩብ ሰዓት ውስጥ ያደርሳችኋል። መድረሻችሁ ላይ 60 ደቂቃ ከዘገያችሁ የቲኬቱ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከሆነ 50 በመቶ ይመለሳል። ጥያቄው በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከገዛችሁበት መተግበሪያ ውስጥ ቲኬቱን ከፍታችሁ በጥቂት ደቂቃ ልትሞሉት ትችላላችሁ።